የፊት ጐማ ኩሽኔታን በገዛ ግቢ ስለ መለወጥ

ባለበቅሎ መንገድ ከመውጣቱ አስቀድሞ የበቅሎውን ኮቴ አንሥቶ ያያል፤ ገበሬም ጥማዱን ከማውጣቱ በፊት ምራኑ እንዳልላላ፣ ወገሉም እንዳልተሰበረ ይመረምራል። ይህን ማድረጋቸው ጕድለቱ በቤት ሳሉ ቢገኝ በጥቂት ድካም የሚቃና፣ በመንገድ ወይም በእርሻ መካከል ቢገኝ ግን ቀኑን ሁሉ የሚያባክን መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ዘርና ማዳበሪያ፣ የከብት ክትባትና የእርሻ ባለሙያ ወደ ገጠር የሚያመላልሰው አሮጌ መኪናም የሚጠበቀው በዚሁ ልማድ ነው። ብዙ ሰው የሞተሩን ዘይት በጊዜው ይለውጣል፣ የጐማውንም ነፋስ ይመለከታል፤ ጐማው የሚዞርበትን፣ ከዐይን ተሰውሮ በግራሶ ውስጥ የተቀመጠውን ኩሽኔታ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ወሩ ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የአንድ ደጋ ወረዳ የእርሻ መሥሪያ ቤት መኪና፣ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ላንድ ክሩዘር፣ የዘር ከረጢት ሊጫንበት በደጅ ቆሟል። ነጂው ግን ከጥቂት ቀን ጀምሮ ከፊት በስተግራ በኩል የወፍጮ ድምፅ የሚመስል ማጕረምረም ይሰማል። ወደ ሹሙ ቀርቦ «ጌታዬ፣ የግራው ኩሽኔታ ሳይበላሽ አልቀረምና አንድ ቀን ይፍቀዱልኝ» ይላል። ሹሙም የዘሩ ነገር አስጨንቆት «ዘሩ ይድረስና ከዚያ በኋላ ይታያል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያሰቡት ለሥራው ነው። ከሁለቱ የማን ቃል እንደሚጸና ለመፍረድ ግን የኩሽኔታውን አሠራርና የአበላሹን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የኩሽኔታው አሠራር

ኩሽኔታ ማለት የሚዞረው ብረት በማይዞረው ብረት ላይ ሳይፋተግ እንዲንከባለል በመካከላቸው የሚገባ መሣሪያ ነው። በእንደዚህ ያለ መኪና የፊት ጐማ የሚገባው ሾጣጣ ተንከባላዮች ያሉት ዐይነት ነው፤ ይኸውም አንድ የውስጥ ቀለበት፣ አንድ የውጭ ቀለበት፣ በሁለቱም መካከል በማቀፊያ የተደረደሩ፣ ወደ አንድ ወገን የጠበቡ ትንንሽ ብረቶች ያሉት ነው።

ይህ ዐይነት ኩሽኔታ የወጣው ከሠረገላ ሥራ ነው። በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲምከን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ሾጣጣ ተንከባላይ ላለው ኩሽኔታ የፈጠራ መብት ተቀበለ። ሠረገላ በሚታጠፍበት ጊዜ ጭነቱ ጐማውን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጐንም ይገፋዋል። ቀጥ ያለ ተንከባላይ የላዩን ጭነት ቢችልም የጐኑን ግፊት አይችልም፤ ሾጣጣው ግን ሁለቱንም አንድነት ይሸከማል። ስለዚህ ይህ ብልኀት ከሠረገላ ወደ መኪና ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በወጣው የላንድ ክሩዘር 60 ዐይነት፣ በ1984 ዓ.ም. በወጣው በ70ው፣ ከእነርሱም በኋላ በመጣው በ80ው፣ የፊቱ አክስል ወጥ ነው፤ የጐማውም አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። ከአክስሉ ጫፍ የማይዞር ወፍራም የብረት ቧንቧ ይወጣል፤ በሆዱም ኀይል ወደ ጐማው የሚያደርሰው ዘንግ ያልፋል። ሞዞ የሚባለው፣ ጐማውና የፍሬኑ ዲስክ የሚታሰሩበት ብረት በዚህ ቧንቧ ላይ ይዞራል። በሞዞውና በቧንቧው መካከል ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጭ በኩል ነው፤ የሁለቱም ጠባብ ወገን እርስ በርሱ ይተያያል። ከውስጡ ኩሽኔታ በስተጀርባ ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውኃና አፈርም እንዳይገባ ፓራኦሊዮ የሚባለው ባለ ጐማ ከንፈር ቀለበት ይዘጋዋል። በውጭ በኩል ደግሞ ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ኩሽኔታዎቹን በልክ የሚይዝ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው እንዳይፈታ የሚቈልፍ ነው። የሥራው ምሥጢር ሁሉ ያለው በነዚህ በሁለቱ ዳዶዎች ነው።

ኩሽኔታ በምን ምክንያት ይበላሻል

ንጹሕ ግራሶ ያለውና በልክ የታሰረ ኩሽኔታ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ጠላቶቹ አራት ናቸው፤ አፈር፣ ውኃ፣ ሙቀትና ያለ ልክ ማሰር ናቸው። አፈር ወደ ግራሶው የገባ እንደ ሆነ ማለስለሱ ቀርቶ መፍጨት ይጀምራል፤ ኩሽኔታውም እንደ መጅና እንደ ወፍጮ እርስ በርሱ ይበላላል። ውኃ የገባ እንደ ሆነ መኪናው በቆመበት ሌሊት ተንከባላዮቹ ባረፉበት ስፍራ ዝገት ይበላል፤ በማግሥቱም ዝገቱ እየተላጠ ጕድጓድ ይሆናል።

የውኃው አገባብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። መኪናው ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ወርዶ ሞዞው ግሎ ሳለ ወደ ወንዝ ቢገባ፣ በሞዞው ውስጥ የሞቀው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኰማተራል፤ በዚያን ጊዜ ውኃው በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ድልድይ በሌለበት ስፍራ ወንዝ የሚሻገር ነጂ በዳር ቆሞ ሞዞው እስኪበርድ ድረስ ቢታገሥ ብዙ ይጠቀማል። ውኃው ከሞዞው በላይ ከሆነ ደግሞ ከመንገድ ሲመለስ ግራሶውን ማየት ይገባዋል።

ያለ ልክ ማሰርም ሁለት ዐይነት ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ይግላል፤ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፤ ብረቱም ይጠቍራል። ከልክ በታች የላላ ጐማውን ያወዛውዛል፤ ዲስኩም እየተወላገደ የፍሬኑን ሸራ ወደ ኋላ ይገፋዋልና ነጂው ፍሬን በሚረግጥበት ጊዜ እግሩ ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ይሰምጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወዳለው ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚወርድ መኪና እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ አደጋው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

መጨረሻውም ይህ ነው። የታመመው ኩሽኔታ ተጣብቆ መንከባለሉን ያቆማል፤ የውስጡ ቀለበት በቧንቧው ላይ መዞር ይጀምራል፤ ቧንቧውንም ይበላዋል። ከዚያም ወዲያ ዳዶው ተበልቶ ሞዞው ከነጐማው ሊወጣ ይችላል። በጊዜው ቢሆን ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ብቻ ይገዛ የነበረ ሰው በዚያን ጊዜ ቧንቧውን፣ ሞዞውንና ዲስኩን ይገዛል፤ ይህም ሰው ካልተጐዳ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በሩብ ሰዓት የሚደረግ ምርመራ

ኩሽኔታ ሳይናገር አይሰበርም። በመጀመሪያ ያጕረመርማል፤ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭነቱ በግራው ጐማ ላይ ይወድቃልና ድምፁ በዚያን ጊዜ የጨመረ እንደ ሆነ የታመመው የግራው ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ የጨመረ እንደ ሆነ የቀኙ ነው። ዳግመኛ ከመንገድ እንደ ተመለሱ የእጅን ጀርባ ወደ ሁለቱ ሞዞዎች በየተራ ማስጠጋት ነው፤ አንዱ ከሌላው በጣም የጋለ እንደ ሆነ ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ግን ጐማውን ከመሬት አንሥቶ መነቅነቅ ነው። የኋላ ጐማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ አክስሉ በክሪክ ይነሣል፤ ከሥሩም ጽኑ መቆሚያ ይገባል። አንድ ሰው አንዱን እጁን በጐማው ራስ፣ ሁለተኛውን በጐማው እግር አድርጎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቀንቃል። ውዝዋዜ የተሰማው እንደ ሆነ ሌላ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይይዝለትና ዳግመኛ ይነቀንቃል። ፍሬኑ ተረግጦ ሳለ ውዝዋዜው ከጠፋ ጥፋቱ የጐማው ኩሽኔታ ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ግን ጥፋቱ ጐማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ በሚታጠፍበት መጋጠሚያ ነውና ሥራው ሌላ ነው። ይህን ሳይለዩ ኩሽኔታ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ውዝዋዜው እንዳለ ይቀርባቸዋል።

ለሥራው የሚያስፈልገው

ሥራው ትልቅ ጋራዥ አይፈልግም፤ ንጹሕ ስፍራና ትዕግሥት ይፈልጋል። ነፋስ አቧራ የማያመጣበት ጥላ፣ ንጹሕ ጨርቅና መታጠቢያ ላምባ፣ ክሪክና ጽኑ መቆሚያ፣ መዶሻና የናስ ዘንግ፣ ለትልቁ ዳዶ የሚሆን 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ይዘጋጃሉ። ለያንዳንዱ ጐማ የውስጡና የውጩ ኩሽኔታ ከነውጭ ቀለበታቸው፣ አዲስ ፓራኦሊዮ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሁለቱን ዳዶዎች የሚለየው ባለ ጥርስ ሮንዴላም ይገዛሉ። ግራሶውም ለጐማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ የውፍረት ቍጥሩ 2 የሆነ የሊቲየም ግራሶ ነው። በገበያ የታወቀ ስም በሐሰት የተጻፈበት ኩሽኔታ ስለሚገኝ ከታመነ ነጋዴ መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው እጅግ የረከሰውን መጠራጠር ይገባል።

54 ሚሊ ሜትሩ ቡሶላ በብዙ ስፍራ ስለማይገኝ አንዳንድ ነጂ ዳዶውን በካቻቢቴና በመዶሻ እየመታ ይፈታዋል፤ መልሶም በዚያው ያስረዋል። ይህ ልማድ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ የዳዶውን ጠርዝ ያበላሸዋል፣ ደግሞም የተመታ ዳዶ ምን ያህል እንደ ጠበቀ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አንድ መሥሪያ ቤት ቡሶላውን አንድ ጊዜ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ለመኪናዎቹ ሁሉ ዘመናቸውን ይበቃቸዋል።

የአፈታቱ ሥርዐት

የጐማው ዳዶዎች የሚላሉት መኪናው በመሬት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ይነሣል፣ በመቆሚያ ላይ ያርፋል፣ ጐማው ይወጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ዲስኩን የሚቈነጥጠው የፍሬን ዕቃ ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በፍሬኑ ቧንቧ ተንጠልጥሎ የቀረ እንደ ሆነ ቧንቧው ይቀደዳል።

ጐማውን ከዘንጉ ጋራ የሚያገናኘው መቈለፊያ ያለው መኪና እንደ ሆነ መቈለፊያው ወደ መፍቻው ይዞራል፤ ክዳኑም ይነሣል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው የሚለጠጥ ቀለበት ይወጣል። ከዚያም መቈለፊያውን የያዙት ዳዶዎች ይላላሉ። በሥራቸው ያሉት ሾጣጣ ሮንዴላዎች ተጣብቀው የሚቀሩ ናቸውና፣ ዳዶዎቹ ጥቂት ጥርስ ይዘው ሳሉ ካስማዎቹን በናስ ዘንግ ቀስ አድርጎ ቢመቱ ሮንዴላዎቹ ዘልለው ይለቃሉ። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት ግን ካስማውን ይሰብራል።

ቀጥሎ የባለ ጥርሱ ሮንዴላ የታጠፈው ጥርስ ይቃናል፤ የውጩ ዳዶ፣ ሮንዴላው፣ የውስጡ ዳዶ፣ ከሥሩም ያለው ባለ ምላስ ሮንዴላ በየተራ ይወጣሉ። እያንዳንዱ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በወጣበት ተራ ይደረደራል፤ ሲመለስም ተራው ይገለበጣል። ሞዞው በሚሳብበት ጊዜ የውጩ ኩሽኔታ እንዳይወድቅ በአውራ ጣት ይያዛል።

ሞዞው ከወጣ በኋላ ሁሉ በላምባ ታጥቦ በብርሃን ይታያል፤ ብረቱም የደረሰበትን ይናገራል። ሰማያዊ ወይም ጥቍር ቀለም የሙቀት ምልክት ነው፤ ጭረት የአፈር ነው፤ ጕድጓድ የዝገትና የድካም ነው። ቧንቧው ራሱ የጠቈረ ወይም የዳዶው ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ሥራው ከግቢ ሥራ በላይ ነውና ለባለሙያ ይሰጣል። ግራሶው እንደ ወጥ ቀጥኖ ከተገኘ ደግሞ የአክስሉ ዘይት ከውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ያ ሳይበጅ አዲስ ኩሽኔታ ቢገባ ብዙ አይቈይም።

ስለ ቀለበቶቹና ስለ ግራሶው

ኩሽኔታው ሲለወጥ በሞዞው ሆድ ውስጥ ያለው የውጭ ቀለበትም አብሮ ይለወጣል። አሮጌ ቀለበትና አዲስ ተንከባላይ አይስማሙም። አሮጌው በናስ ዘንግ ከወዲህና ከወዲያ እየተመታ በዝግታ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የአሮጌውን ቀለበት በላዩ ገልብጦ እርሱን መምታት ይቻላል፤ አዲሱ በብረት መዶሻ ፈጽሞ አይመታም። ወደ መቀመጫው በደረሰ ጊዜ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ይጮኽ የነበረው ይደነቍራል። ያን ጊዜ ማቆም ነው።

ግራሶ ሲሞላ ላዩን መቀባት አይበቃም። ግራሶውን በመዳፍ ይዞ የኩሽኔታውን ሰፊ ወገን በመዳፉ ላይ እየጫኑ በሌላው ወገን በተንከባላዮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ መግፋት ያስፈልጋል፤ ዙሪያውም ሁሉ እንዲሁ ይደረጋል። አሮጌ ግራሶ ከአዲስ ጋራ አይደባለቅም። የፓራኦሊዮው ከንፈር ግራሶ ይነካዋል፤ እርሱም ሳያጋድል ከሞዞው አፍ ጋራ እኩል ሆኖ ይገባል።

ዳዶውን በሚዛን ስለ ማሰር

እስከዚህ ያለው ሥራ የንጽሕና ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የልክ ነው። ሞዞው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ የውጩ ኩሽኔታና ባለ ምላሱ ሮንዴላ ይከተላሉ፤ ከዚያም የውስጡ ዳዶ በመጀመሪያ በ6 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠብቃል። ይህም ማለት ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ 12 ኪሎ ግራም እንደ ማንጠልጠል ነው። ሞዞው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ዳዶው ዳግመኛ በዚያው ልክ ይጠብቃል። ይህ የሚደረገው ተንከባላዮቹ በመቀመጫቸው እንዲደላደሉ ነው። ከዚያ በኋላ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ድረስ ይላላና፣ በዚያው እጀታ ጫፍ ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ኀይል መልሶ ይጠብቃል።

አሁን የሚያስፈልገው ነጋዴ ከረጢት የሚመዝንበት ዐይነት ትንሽ የመንጠልጠያ ሚዛን ነው። የሚዛኑ መንጠቆ ከጐማው ካስማዎች በአንዱ ላይ ይገባና በሞዞው ዙሪያ አቅጣጫ ይሳባል፤ ሞዞው መዞር በጀመረበት ቅጽበት ሚዛኑ ይነበባል። በጥገናው መጽሐፍ የተሰጠው ልክ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ዳዶው ጥቂት ይጠብቃል፤ የበለጠ እንደ ሆነ ጥቂት ይላላል። የመኪናው ዐይነት የተለየ እንደ ሆነ የገዛ መጽሐፉን መከተል ይገባል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ባለ ጥርሱ ሮንዴላ ይገባል፤ የውጩ ዳዶ በ6.5 ኪሎ ግራም ሜትር ይታሰራል፤ ሚዛኑም ዳግመኛ ይነበባል፤ ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን ሊገፋው ይችላልና። ከዚያ የሮንዴላው አንድ ጥርስ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጥርስ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ጥርሱን ማጠፍ የረሳ ሰው ሥራውን ሁሉ እንደ ረሳ ይቈጠራል።

የቀረው እንደ አወጣጡ ይመለሳል። የጐማው ዳዶዎች ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠብቃሉ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፍሬኑ ጽኑ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ሸራዎቹ ተገፍተው ነበርና የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆናል። አጭር መንገድ ተሄዶ የሞዞው ሙቀት ይታያል፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትርም በኋላ ጐማው ዳግመኛ ይነቀነቃል። ሥራው የተሠራበት ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥርና የኩሽኔታው ምልክት በመኪናው መዝገብ ይጻፋል።

የሹሙ ድርሻ

በምሳሌው ወደ ተነሡት ወደ ሹሙና ወደ ነጂው ስንኳ ፍርዱ ቢመለስ፣ ክርክራቸውን የሚቈርጠው ጐማው ነው። ሹሙ «ከዚያ በኋላ ይታያል» በማለት ፈንታ «አሁን ይነሣና ይታይ» ቢል የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ጐማው ሳይወዛወዝ፣ ሲዞርም ሳያጕረመርም ቢገኝ ዘሩ በዚያው ቀን ይሄዳል፤ ነጂውም ልቡ ያርፋል። ታሞ ቢገኝ ዘሩ አንድ ቀን ቈይቶ በማግሥቱ ይሄዳል። ሳይታይ የሄደ መኪና ግን በመንገድ ላይ የቆመ እንደ ሆነ መለዋወጫው ከከተማ እስኪመጣ፣ የሚጐትተውም እስኪገኝ ዘሩ በዝናብ ሥር ይሰነብታል፤ ገበሬውም የመዝሪያው ቀን ያልፍበታል።

ስለዚህ ከሹሙ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፤ ለነጂው ቃል ጆሮ መስጠት፣ ቡሶላውንና ሚዛኑን ገዝቶ ማኖር፣ ለሥራውም ሙሉ ቀን መፍቀድ ነው። ከነጂው የሚጠበቀው ደግሞ እጁን ማንጻትና ዳዶውን በግምት አለማሰር ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእህል ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ዳር ከአፈር ላይ የኩሽኔታ ስብርባሪ የሚለቅም ነጂም ቃሉን በሚገባ ያውቀዋል።